ፎቶ ለመነሣት ምን ይለበሳል?

ፎቶ መነሣት እንደ ዛሬው በእጅ ስልክ በየደቂቃው የሚፈጸም ነገር ከመሆኑ በፊት፣ ቀን የሚቆረጥለት፣ ጠጉር የሚሠሩለት፣ ልብስ አጥበውና ተኩሰው የሚሄዱለት ጉዳይ ነበር። ፎቶ ቤት የገባ ሰው እንደገባ አይነሣም። ኮት የሌለው ከግድግዳው ምስማር ላይ ከተንጠለጠሉት የፎቶ ቤቱ ኮቶች አንዱን ይደርባል፤ ክራቫት ይታሰርለታል፤ ከኋላው ፏፏቴ ወይም አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ ይወርድለታል። እጅጌው ቢረዝምበት ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ከወገቡ በታች ያለውን የተጣፈ ሱሪ ካሜራው አያየውም። እነሆ ብዙ አባቶች ዕድሜ ልካቸውን ያልነበራቸውን ኮት በልጆቻቸው ግድግዳ ላይ ለብሰው ይኖራሉ።

ይህን እንደ ማስመሰል ቈጥረው የሚስቁ አሉ። ነገር ግን ባለቤቱ ያን ሥዕል የተነሣው ራሱን ሊያይበት አልነበረም። ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ ተጽፎበት ለእናት፣ ለእጮኛ፣ በሩቅ ላለ ወንድም በፖስታ የሚላክ ነበር። ኮቱ ለዚያ በክፍሉ ውስጥ ለሌለ ተመልካች የተላከ ቃል ነው፤ «ደኅና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል።

ካሜራ የኢትዮጵያን ምድር ከረገጠ 150 ዓመት አልፎታል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጥንት ፎቶግራፎች መድበል የሚጀምረው ከ1867 ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሜራም አብሮ ዘምቷልና። በ1905 አዲስ አበባ የደረሰው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን በቃ፤ ሙያውንም ልጆቹ ወረሱት። በዚያ ዘመን ሥዕሎች መኳንንቱ ካባቸውን ደርበው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው ሲታዩ፣ አጠገባቸው የቆመ አስረጅ ሳያስፈልግ ማዕረጋቸውን ልብሳቸው ይናገርላቸዋል። ምን እንደሚናገርላቸው ያውቁ ነበር፤ የመረጡትም ራሳቸው ናቸው።

ሌላ የመረጠለትን ለብሶ የተነሣም አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ሀገር ሲወሰድ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። አባቱ በሚያዝያ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በግንቦት በጉዞ ላይ አርፈዋል። በሐምሌ ወር በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለችው ዕውቅ ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተቀመጠ። ከሥዕሎቹ በአንዳንዶቹ ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲ፣ እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ፣ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ ከአጠገቡ ይታያል። እናቱ ከሞቱ ገና ሁለት ወር የሆነው ልጅ የዚያን ቀን ሐዘንተኛ ነበር። ሐዘኑ ግን በዓይኑ ላይ እንጂ በልብሱ ላይ የለም፤ ልብሱ የተመረጠው ለእንግሊዝ ተመልካች ነውና። ከ11 ዓመት በኋላ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሲሞት ወደ ሀገሩ አልተመለሰም፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው፣ ናይሮቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በፎቶግራፍ ልብስ ምክንያት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከራከር ቢሰማ እንደ ቅንጦት አይቈጥረውም።

አባትየው ደርግ ሲወድቅ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በሞያሌ በኩል ድንበር ከተሻገሩት ወታደሮች አንዱ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር መጀመሪያ በዋልዳ፣ ቀጥሎም በ1992 በተቋቋመው በካኩማ የስደተኞች ሰፈር ኖሩ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ኢስትሊ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ታላቂቱ ልጅ ዋልዳ ድንኳን ውስጥ ተወለደች፤ ወንዱ ልጅ ካኩማ፤ ትንሿ ናይሮቢ። በአንድነት የተነሡት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለመዝገብ የተነሡት ነው። አባት ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ የለም። እናት ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ሳለ ተጠርተው የተቀመጡ ናቸው፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ይታያል። ታላቂቱ ልጅ ከእርዳታ የመጣ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የእግር ኳስ ማልያ ለብሳለች። በዚያ ቀን ልብስ የመረጠ ሰው አልነበረም። ትንሿ ደግሞ ገና አልተወለደችም።

አሁን ታላቂቱ ልጅ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ባሏ ወዳለበት ወደ ካናዳ ልትሄድ ነው። የበረራው ቀን ሲነገራት የቀሯት ሦስት ሳምንታት ነበሩ። ከዚያ በኋላ አምስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ መቼ እንደሚገናኙ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ «ሰሌዳ የሌለበት ሥዕል እንነሣ» አለች፤ ሁሉም ተስማሙ። ስምምነቱ የዘለቀው ግን «ምን እንልበስ?» እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው።

ስዋሂሊዋ ከአማርኛዋ የሚቀድመው የ17 ዓመቷ ትንሿ ልጅ፣ ሁሉም ሰው ጂንስ ሱሪና ነጭ ቲሸርት ይልበስ ስትል ሐሳብ አቀረበች። የስልክ ጥገና የሚሠራው ወንድሟ ኪተንጌ ይሻላል አለ፤ «ያደግነው እዚህ አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀ፤ ጥያቄውም እውነትነት ነበረው። ታላቂቱ የፈለገችው ከሽሮ ሜዳ የሚመጣ፣ ጥለቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የሀገር ልብስ ነው። አባት ደግሞ ክርክሩን ሁሉ ከዳር ሆነው ካዳመጡ በኋላ ሱፍ እንደሚለብሱ በአጭሩ አስታወቁ።

ቤተሰብን እንደ ሚዜ በአንድ ቀለም አሰልፎ መነሣት አሁን በየከተማው የተለመደ ሆኗል። ለሠርግ ያምራል። ለቤተሰብ ሥዕል ግን ብዙ የሚያስመሰግን አይደለም፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው ሲቆሙ የመዘምራን ጓድ ይመስላሉ እንጂ ማን ማን እንደ ነበረ አይለይም። ከ40 ዓመት በኋላ ሥዕሉን የሚያይ ሰው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው፦ አጎት ምን ዓይነት ሰው ነበር? ያቺ ትንሿ ያኔ ምን ትወድ ነበር?

የታላቂቱን ሐሳብ ያሰናከለው ጊዜ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ በሸማ ሥራ የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባ ሽመና የዶርዜ ሰዎች እጅ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሙያውን ከጋሞ ደጋ ይዘውት የመጡ ናቸው። እውነተኛ ጥለት በሸማኔ እጅ፣ ክር በክር፣ ከነጩ ሸማ ጋር አብሮ የሚሠራ በመሆኑ ለአምስት ሰው ይድረስ ቢባል በሁለት ሳምንት የሚሆን አይደለም። ኢስትሊ ውስጥ ወዲያው የሚገኘው የፋብሪካ ማስመሰያ ነበር። ጥለቱ የታተመ፣ ጨርቁ ፕላስቲክነት ያለው ነው፤ በመንገድ ሲያዩት ያምራል፤ የካሜራ መብራት ሲያርፍበት ግን እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ጥጥ ብርሃኑን አለዝቦ ይመልሳል፤ ያኛው እንዳለ ይወረውረዋል። በእጃቸው ያለው እውነተኛ ሸማ ታላቂቱ ለሠርጓ ያስመጣችው ቀሚስ፣ የእናት አንድ ነጭ ቀሚስና ነጠላ፣ እንዲሁም የአባት ጋቢ ብቻ ነው።

ሪቨር ሮድ አካባቢ ፎቶ ቤት ያለው ኬንያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ግን በስልክ ሲጠየቅ «ነጭ ባይበዛ» ሲል መከረ። ምክሩ ከንቱ አይደለም። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ስለሚገምት፣ ፊቱ በነጭ ሲሞላ ብርሃን የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልማል፤ ነጩ አመዳም ይሆናል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ጥላ ውስጥ ይገባል። ነጭ የለበሱ አያቶች በድሮ ሥዕል ዓይናቸው እንኳ የማይለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በፊልሙ ዘመንም ለብዙ ዓመታት የኮዳክ የቀለም ሚዛን የሚስተካከለው «ሸርሊ» በሚባል፣ ነጭ ሴት ባለችበት ካርድ ነበር፤ የኛ ፊት በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም። መድኃኒቱ ግን ነጭን መተው አይደለም። አንሺው ብርሃኑን በልብሱ ሳይሆን በፊቱ ልክ ቢለካው ነገሩ ይስተካከላል። እንዲያውም በጉልበት ላይ የተዘረጋ ነጭ ጋቢ ብርሃንን ወደ ላይ መልሶ የአገጭንና የዓይንን ሥር ጥላ ያነሣል፤ በገንዘብ የሚገዛ አንጸባራቂ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ይህን ያወቀው ወንዱ ልጅ ነው፤ በስልክ ጥገናው ምክንያት ስለ ካሜራ ጥቂት ያውቃል። አንሺውም «እንግዲያው ልሞክረው» አለ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ የሚፈታ ነገር ነበር። የማይፈታው እናት ጥቁር መልበሳቸው ነው።

ወንድማቸው መንዝ ውስጥ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖታል። እንደ ወጉ መርዶ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው፤ ስልክ ግን ወግ አያውቅምና ወሬው ከቀትር በኋላ፣ እናት ሽንኩርት ሲከትፉ ደረሰ። የስደተኛ መታወቂያ የያዘ ሰው ከሸሸው ሀገር ልቅበር ብሎ አይሄድም። እናት ናይሮቢ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ የኢስትሊ ሰው ለቅሶ ደረሳቸው፤ ከዚያም ጥቁር ለበሱ። የሚያወልቁት በሙት ዓመቱ ነው። እስከዚያ አራት ወር ይቀራል፤ በረራው ግን አራት ወር አይጠብቅም።

«እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ተነሥተን ስንመለስ መልሰሽ ትለብሽዋለሽ» አለች ታላቂቱ።

«ሥዕሉ የሚቆየው አንድ ቀን ነው እንዴ?» አሉ እናት።

«ልጄ ሲያድግ አያቱን በጥቁር ልብስ ብቻ እንዲያውቅሽ አልፈልግም። እዚያ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

«እኔስ ለወንድሜ ሚስት ምን እላታለሁ? አልቀበርኩትም፤ አፈር አላለበስኩትም። ሥዕሉ እዚያ ሲደርስ ነጭ ለብሼ ብታየኝ፣ ‹ለካ ረስታዋለች› አትልም? የቀረኝ ይኸው ጥቁሩ ነው፣ ልጄ።»

ታላቂቱ መልስ አልነበራትም። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የተለያዩት ስለ ልብሱ ሳይሆን ሥዕሉን ስለሚያየው ሰው ነው። አንዷ የምታስበው ሀገሩን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ፣ ጥቁር ልብስ ሲያይ የሚፈራ ትንሽ ልጅ ነው። ሌላዋ የሚያስቡት የመንዝ በርኖስ የተሰቀለበት ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ፖስታ ከፍታ፣ በመጀመሪያ ከአንገት በታች ያለውን የምታይ ሴት ነው። ሁለት ተመልካች፣ አንድ ልብስ። ሁለት ቀን በቤቱ ውስጥ ስለ ፎቶ የተነሣ ነገር አልነበረም።

መላውን ያመጡት ማንም ያልጠበቃቸው አባት ናቸው። ቡናቸውን እየጠጡ፣ ዓይናቸውን ከሲኒው ሳያነሡ፣ «ነጩን ልበሺ፤ ነጠላውን ግን አዘቅዝቂው» አሉ።

ነጠላ፣ ስሙ እንደሚለው፣ አንድ ድርብ ነው፤ ኩታ ሁለት፣ ጋቢ አራት ነው። ከሁሉ ስስ የሆነው ነጠላ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይናገራል። ለአዘቦት ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ እንዲታይ ይደረባል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በመስቀል አምሳል ያጣፉታል፤ ሐዘን ሲሆን ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይመጣል። ያው ጨርቅ፣ ያው ክር፣ ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው አደራረቡ ብቻ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ ለሚያውቅ ግን ሐዘንተኛ ናት።

እናት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ሣጥኑን ከፈቱ።

ቀሪው ነገር ቀላል ሆነ። አንድ ዓይነት የመልበሱ ሐሳብ ተረሳ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር እንዳይኖር ብቻ ተስማሙና እያንዳንዱ የወደደውን እንዲለብስ ተፈቀደ። ወንዱ ልጅ የኪተንጌ ሸሚዙን አሰፋ። ትንሿ ጂንሷን ለብሳ የእኅቷን ነጠላ በትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አባት ጊኮምባ ገበያ ሄደው ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ግራጫ ሱፍ መርጠው፣ ተከራክረው ገዝተው፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው አስጠበቡት። በደረት ኪሱ ውስጥ የሆነ የባዕድ ሀገር የአውቶቡስ ትኬት ተገኘ። አባት ትኬቱን አልጣሉትም፤ «ባለቤቱ ተሳፍሮ ይሆናል» ብለው መልሰው ከተቱት። ኮቱ ሲጠበብም በትከሻቸው በኩል ሰፋ ይል ነበር፤ ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ በየመዝገቡ ቁልፍ በሌለው ሸሚዝ ሲነሡ የኖሩ ሰው በሙሉ ቁልፍ ሊነሡ መፈለጋቸው ማንንም አላሳቀም። የአራት ዓመቱ ልጅ አረንጓዴ የዝናብ ቦት ጫማው ካልሆነ በቀር ሌላ አላደርግም ብሎ አለቀሰ። እናቱ ልትቈጣው ስትል አያቱ ከለከሏት፤ «ተይው፤ እሱም የራሱን ይምረጥ» አሉ።

በቀጠሮው ቀን አንሺው ለብርሃኑ ብዙ ደከመ። የታላቂቱ ቀሚስ ጥለት ቀጫጭንና ተደጋጋሚ መስመር ስለነበረበት፣ በካሜራው መስኮት ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚንቀሳቀስ ቀለም ይታይ ነበር፤ ካሜራውን ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሲያመጣው ጠፋ። ወንበር ተለዋወጡ፤ ጋቢው በአባት ጉልበት ላይ ተዘረጋ። ሁሉም ነገር ሲሰናዳ አንሺው የእናትን ነጠላ ተመለከተ። ይህን የመሰለ ያማረ ጥለት ተገልብጦ አንገት ላይ መጠቅለሉ አሳዘነው፤ ሊያስተካክልላቸውም እጁን ዘረጋ።

ቀድማ የተነሣችው ትንሿ ልጅ ናት። የነጠላውን ነገር ራሷም ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነበር። ምን ብላ እንደምታስረዳው ለአፍታ ቸገራት፤ ማዘቅዘቅ ለሚለው በስዋሂሊ ምን እንደሚባል አላወቀችምና። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ምሲባ» አለችው። ሐዘን ማለት ነው። አንሺው እጁን ሰበሰበ፤ ጎንበስ ብሎም እናትን «ፖሌ፣ ማማ» አላቸው። ስዋሂሊ በሐዘን ጊዜ የሚናገረው ቃል ነው፤ እናትም በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወደ ካሜራው ተመለሰ። በተመረጠው ሥዕል ላይ እናት አይስቁም፤ አያለቅሱምም። ፊታቸው እንደ ልብሳቸው ጥርት ብሎ ይታያል።

አራት ቅጂ ታተመ። አንዱ ከታላቂቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ሄደ፤ አንዱ ኢስትሊ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ አንዱን ወንዱ ልጅ በሱቁ ውስጥ ከተሰበሩ ስልኮች በላይ ለጠፈው። አራተኛው ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መንገደኛ እጅ፣ ከዚያም በደብረ ብርሃን አውቶቡስ፣ ከዚያም በሰው በሰው መንዝ ደረሰ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ እሑድ ስልክ ተደወለ። የወንድማቸው ሚስት ነበረች።

«ነጠላሽን አየሁት» አለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እቴ።»

ሁለቱም ጥቂት አለቀሱ። አረንጓዴ ቦት ጫማ ያደረገው ልጅ የማን እንደሆነ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።